አማላጆቹና አንቀጽ 117

ግንቦት 2003 ዓ.ም. ሊያልቅ ጥቂት ቀናት ቀርተውታል። ከሰፈራችን እናቶች አንዷ ቤት ቡና ተጠርተን ተቀምጠናል። አቦሉ ተጠጥቶ ቶናው ሊቀዳ ሲል ሬዲዮው ዜና ጀመረ። ፕሬዚዳንት ግርማ ወልደ ጊዮርጊስ ሞት የተፈረደባቸውን 23 የደርግ ባለሥልጣናት ቅጣት ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ለውጠውታል። ይህም የሆነው የሃይማኖት አባቶች ባቀረቡት ልመና ነው ተባለ። ጀበናውን አንስተው የነበሩት እማማ መልሰው ማቶቱ ላይ አስቀመጡት።

ከመደቡ በላይ ግድግዳው ላይ የልጃቸው ፎቶግራፍ ተሰቅሏል። አፍሮ ጸጉር፣ ሰፋ ያለ ኮሌታ፣ ገና ያልጠና ጢም። በ1970 ዓ.ም. አንድ ሌሊት ከቤት ወሰዱት፤ በማግሥቱ አስከሬኑ መንገድ ዳር ተገኘ። ለማንሳት የጥይት ዋጋ ክፈሉ ተባሉ። ማልቀስም፣ ነጠላ ማዘቅዘቅም ክልክል ነበር። ይህ የእማማ ብቻ ታሪክ አይደለም። በዚያ የቀይ ሽብር ዘመን በአዲስ አበባ ስንት ቤት እንዲህ ሆኗል።

«አባቶች ለምነው ነው የሚለው?» አሉኝ።

«አዎ እማማ።»

«ይለምኑ። መለመን ሥራቸው ነው።» ፍሙን በመቆስቆሻ ነካ ነካ አደረጉት። «እኔን ግን ማን ጠየቀኝ?»

«እማማ፣ ይገደሉ ነው የሚሉት?»

«ወጣኝ እንዴ?» አሉ ቆጣ ብለው። «ልጄንም የወሰደው ‹ይገደል› ብሎ የፈረመ ሰው ነው። እኔ ሌላ ፈራሚ አልፈልግም። መጥተው ቢጠይቁኝ ግን ምን ነበረበት?»

ቶናው ያን ቀን ዘግይቶ ተቀዳ። የእማማ ሁለት ንግግር ግን እስከ ዛሬ አብሮኝ አለ፤ ገዳይ ይገደል አላሉም፣ ሳይጠየቁ መቅረታቸውንም አልተቀበሉም። ስለ ሞት ቅጣትና ስለ ሃይማኖት ተቋሞቻችን ከዚያ ወዲህ ያነበብኩትና የሰማሁት ሁሉ ዞሮ ዞሮ እዚያ ቡና ላይ ይመልሰኛል።

አማላጆቹ የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ፣ የእስልምና፣ የካቶሊክና የወንጌላውያን መሪዎች ነበሩ። ምልጃቸውን ለመመዘን ወደ አንድ ግቢ መሄድ ያስፈልጋል፤ የልዑል ራስ አሥራተ ካሣ ግቢ። ባለቤቱ ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ሌሊት ደርግ ያለ ፍርድ ከረሸናቸው ስድሳ ሰዎች አንዱ ናቸው። ከዚያ በኋላ ግቢው የሌሎች መቃብር ሆነ። ሁለተኛው ፓትርያርክ አቡነ ቴዎፍሎስ በ1968 ዓ.ም. ከመንበራቸው ተነስተው ታሰሩ፤ ነሐሴ 8 ቀን 1971 ዓ.ም. በዚሁ ግቢ ታንቀው ተገደሉ። ከእሳቸው ሁለት ሳምንት ከምናምን ቀደም ብሎ፣ ሐምሌ 21፣ የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ ቄስ ጉዲና ቱምሳ ዑራኤል አካባቢ ካለው ቤተ ክርስቲያን የማታ አገልግሎት ጨርሰው ሲወጡ ተወሰዱ። በዚያው ሌሊት ተገደሉ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ፀሐይ ቶሎሳ ደግሞ አሥር ዓመት ገደማ ታሰሩ። ደርግ ወድቆ በ1984 ዓ.ም. አፈሩ ሲቆፈር የፓትርያርኩም የቄሱም አጽም ከዚያው ግቢ ወጣ። በሕይወት እያሉ የተለያየ መቅደስ ውስጥ ያገለገሉ ሁለት አባቶች፣ አንድ ግቢ ውስጥ ለ13 ዓመት ጎረቤት ሆነው ተኝተው ነበር።

በ2003 ዓ.ም. የኦርቶዶክስን ቤተ ክርስቲያን ይመሩ የነበሩት አቡነ ጳውሎስም ራሳቸው የደርግ እስረኛ ነበሩ። ጵጵስና የሾሟቸው አቡነ ቴዎፍሎስ ናቸው፤ በዚሁ ሹመት ምክንያት ለዓመታት ታስረዋል። እንግዲህ ለገዳዮቹ ነፍስ የለመኑት ተቋማት ራሳቸው የሟች ቤተሰብ ነበሩ። ይህን ያህል ከባድ ምስክርነት በእጃቸው ይዘው ስለ ሞት ቅጣት፣ እኔ እስከማውቀው፣ አንድም ትምህርት ለሕዝቡ አለማስተማራቸው ነው እኔን የሚገርመኝ።

ምልጃው የሠራበት መንገድ በራሱ ትምህርት ነበር። የደርግ ባለሥልጣናት ችሎት ታኅሣሥ 4 ቀን 1987 ዓ.ም. ተከፈተ፤ ጥፋተኛ የተባሉት ታኅሣሥ 3 ቀን 1999 ዓ.ም. ነው። አሥራ ሁለት ዓመት ሊሞላው አንድ ቀን የቀረው ሙግት! በጥር ወር ፍርድ ቤቱ ዕድሜ ልክ ፈረደ። ልዩ ዓቃቤ ሕጉ «አነሰ» ብሎ ይግባኝ አለ፤ ግንቦት 18 ቀን 2000 ዓ.ም. ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ዚምባብዌ በነበሩት በኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያምና በሌሎቹ ላይ ሞት በየነ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 28 ደግሞ በሰው ልጅ ላይ የተፈጸመ ወንጀል በይቅርታም በምሕረትም እንደማይታለፍ ይደነግጋል። ታዲያ አባቶች ምን ሊለምኑ ሄዱ? መልሱ እዚያው አንቀጽ ውስጥ አለ፤ በዚህ ወንጀል ሞት የተፈረደበትን ሰው ቅጣት ርዕሰ ብሔሩ ወደ ዕድሜ ልክ ሊለውጠው ይችላል። በሩ ለአንድ እርምጃ ብቻ የተተወ ነው፤ አባቶች በዚያ ገቡ። የቀረውን የሠራው አመክሮ ነው። ዕድሜ ልክ የተፈረደበት ሰው 20 ዓመት ከታሰረ በአመክሮ ሊፈታ ይችላል፤ እነሱም ከ1983 ዓ.ም. ጀምሮ የታሰሩ ናቸው። አብዛኞቹ በ2004 ዓ.ም. መጀመሪያ ከእስር ወጡ። ሌተና ኮሎኔል ፍሥሐ ደስታና ሻምበል ፍቅረ ሥላሴ ወግደረስ ከዚያ በኋላ ትዝታቸውን ጽፈው አሳትመዋል። ሞት ተፈጽሞባቸው ቢሆን ኖሮ እነዚያ ገጾች አይኖሩም ነበር። ይወደዱም ይጠሉም፣ ለታሪክ ጸሐፊ ወርቅ ናቸው።

እዚህ ላይ ትንሽ ወደኋላ ልመለስ። ምልጃ ለእኛ አዲስ አይደለም። በጥንቱ ሥርዓት ነፍስ ያጠፋ ሰው ለሟች ዘመድ ይሰጥ ነበር። ደመኛው ከፈለገ በደም ይመልሳል፣ ከፈለገ የደም ካሳ ይቀበላል፣ ከወደደም ይምራል። ንጉሥ ፈርዶ፣ ገዳዩ ታስሮ፣ ሁሉም ነገር አልቆ ሳለ እንኳ ቀሳውስት መስቀል ይዘው መሀል ይገባሉ፤ «ስለ ማርያም» ይላሉ። አክሱም ጽዮንን የመሰለ ደብር ደግሞ የተማጸነበትን አሳዳጅ አይደፍረውም ነበር። ወሎ ውስጥ አበጋር የሚባሉት አስታራቂ ሽማግሌዎች ደም ያደርቃሉ፤ እስላሙም ክርስቲያኑም ይቀበላቸዋል። በእስልምና ሕግም ቂሷስ፣ ማለትም ነፍስ ለነፍስ መመለስ፣ የሟች ቤተሰብ መብት ሆኖ ሳለ ይቅር ማለትና ዲያ፣ ማለትም የደም ካሳ፣ መቀበል የበለጠ የተወደደ መሆኑን ቁርኣን በአል-በቀራ ምዕራፍ ያስተምራል።

በዚህ ሁሉ ውስጥ አንድ ነገር ልብ በሉ። ካህኑም ሼኹም የሚሄዱት ወደ ሟች ቤት ነው። የሚለመነው ደመኛው ነው። ንጉሡ ዘንድ መሄድ ከዚያ በኋላ ይደርሳል። በ2003 ዓ.ም. ቅደም ተከተሉ ተገለበጠ፤ ልመናው ወደ ቤተ መንግሥት ሄደ፣ እንደ እማማ ያለው የሟች ቤት ዜናውን ከሬዲዮ ሰማ። በየቀበሌው የቀይ ሽብር ሟች ቤተሰብ ብዙ ስለነበረ አንድ በአንድ መዞር ይከብድ ነበር ሊባል ይችላል። ይከብድ ነበር። ግን ከሰማዕታቱ ቤተሰቦች የተነሳው ተቃውሞ ከየት እንደመጣ ለመረዳት ብዙ ምርምር አያስፈልግም፤ እማማ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጨርሰውታል።

በዚህ ጉዳይ የሌላ አገር ሰው ስህተት ያስተምረናል። ሄለን ፕሪጃን የተባሉ አሜሪካዊት የካቶሊክ መነኩሲት በሉዊዚያና ግዛት ሞት ለተፈረደበት አንድ እስረኛ ደብዳቤ መጻፍ የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ1982 ነው። ሰውየው ሁለት ወጣቶችን በመግደል የተፈረደበት ነበር። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 1984 በኤሌክትሪክ ወንበር ሲገደል በዓይናቸው አዩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቅጣቱን ሲቃወሙ ኖረዋል። ግን መጀመሪያ ላይ የሟቾቹን ወላጆች ሄደው አላነጋገሩም ነበር። ፈርተው ነው፤ «ምን ፊት ይዤ» ብለው። የአንዱ ሟች አባት ሲያገኟቸው በዚህ ወቀሷቸው። መነኩሲቷ ይህን ጥፋታቸውን አልደበቁም፤ እ.ኤ.አ. በ1993 ባሳተሙት መጽሐፍ በዝርዝር ጻፉት፣ በኋላም ኒው ኦርሊንስ ውስጥ የተገደሉ ሰዎች ቤተሰቦች የሚደጋገፉበት ማኅበር አቋቋሙ። መጽሐፉ ፊልም ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1995 ወጣ፤ መነኩሲቷን የተጫወተችው ሱዛን ሳራንደን ኦስካር ወሰደችበት።

ከፊልሙ ይልቅ እኔን የሚስበኝ ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። የፊልሙ ዳይሬክተር ቲም ሮቢንስ ታሪኩን ወደ መድረክ ቴአትር ቀየረውና ለትምህርት ቤቶች ሰጠው፤ ግን በቅድመ ሁኔታ። ቴአትሩን ማሳየት የሚፈልግ ትምህርት ቤት ቢያንስ ሁለት ሌሎች የትምህርት ክፍሎቹ በዚያው ወቅት ስለ ሞት ቅጣት እንዲያስተምሩ ማድረግ አለበት። ሕግ ክፍል ይሁን፣ ሥነ መለኮት ይሁን፣ ሶሲዮሎጂ ይሁን የራሳቸው ምርጫ ነው። ተማሪው አልቅሶ እንዳይወጣ ነው ነገሩ፤ ስለ ሕጉና ስለ ገዳዩ ብቻ ሳይሆን ስለ ሟች ቤተሰብም አጥንቶ ይከራከር ዘንድ።

የእኛን ሰንበት ትምህርት ቤት ሳስበው ያን ያህል ሩቅ አይደለንም፤ ማቴሪያሉ ሁሉ በእጃችን ነው። ስቅለት ማለት እኮ የሞት ፍርድ የተፈጸመበት ቀን ነው። ከሳሽ አለ፣ ዳኛ አለ፣ የሕዝብ ጩኸት አለ፣ ወታደር አለ። ጻድቁ ሰው ከሁለት ወንበዴዎች ጋር ይሰቀላል። በቀኝ በኩል የተሰቀለው ፈያታዊ ዘየማን፣ ሞት የተፈረደበት ወንጀለኛ፣ ከሁሉ ቀድሞ ገነት ይገባል። ሌላው የማይረሳ ነገር፣ ቤተ ክርስቲያናችን ጲላጦስን ከቅዱሳን ትቆጥረዋለች። ፍርዱን የሰጠው ዳኛ ተጸጽቶ ቅዱስ ሆነ! ይህን የምታስተምር ቤተ ክርስቲያን ስለ ሞት ፍርድ የምትለው አጥታ አይደለም። እኔም ልጅ ሳለሁ ይህን ሁሉ ተምሬ፣ ፈያታዊ ዘየማንን ለመዝሙር ድራማ ተጫውቼ፣ ውጭ ስለሚገኘው ሕግ አንድ ቀን ጥያቄ ተነስቶ አላስታውስም። ስቅለቱ የጥንት ነው፤ ወህኒ ቤቱ የዛሬ ነው፤ ሁለቱ አይገናኙም ነበር በእኛ ቤት።

የሞት ቅጣት ተገቢ ነው ብለው የሚያምኑ አባቶች እንዳሉ አውቃለሁ። ሮሜ 13ን ይጠቅሳሉ፤ ፍትሐ ነገሥትንም ይጠቅሳሉ፣ እሱም ለነፍሰ ገዳይ ሞትን የሚያዝ ነው። ክርክራቸው የሚናቅ አይደለም። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ራሷ ለብዙ ዘመን መንግሥት የመግደል ሥልጣን አለው ስትል ኖራለች፤ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንሲስ እ.ኤ.አ. በ2018 ካቴኪዝም የሚባለውን የትምህርት መጽሐፍ ቁጥር 2267 አስቀይረው የሞት ቅጣት ተቀባይነት የለውም ያስባሉት በቅርቡ ነው። ልዩነቱ መጽሐፍ ውስጥ መግባቱ ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ የካቶሊክ ልጅ የትም አገር ይማር፣ የትምህርት መጽሐፉ ይህን ይላል። የእኛው የ2003 ምልጃ ግን እንዲህ ያለ መጽሐፍ ውስጥ አልገባም። ማን ምን ብሎ ለመነ፣ ምን ቃል ከመጽሐፍ ተጠቀሰ፣ ሼኹና ጳጳሱ በምን ተስማሙ፤ ለተማሪ የቀረ ወረቀት አላየሁም።

ሕግ አውጪው ደግሞ ሕዝቡን እያየ ነው የሚጽፈው። የ1949ኙን የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ያረቀቁት ስዊሳዊው ዣን ግራቨን በአገራቸው ዘመን ያለፈበትን የሞት ቅጣት እኛ አገር ያስቀሩት የሕዝቡ የፍትሕ ስሜት መወገዱን አይቀበለውም በሚል ነበር። ሕጉ በወጣ በአራተኛው ዓመት፣ የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ የመሩት ጄኔራል መንግሥቱ ነዋይ ተክለ ሃይማኖት አደባባይ ላይ በስቅላት ተቀጡ፤ ሕዝብ ወጥቶ አየ። በጻድቁ ስም የተሰየመ አደባባይ ላይ። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ይህን አስቀርቷል። አንቀጽ 117 የሞት ቅጣት በአደባባይ ወይም ኢሰብአዊ በሆነ መንገድ እንዳይፈጸም ይከለክላል፤ ወንጀሉን ሲፈጽም 18 ዓመት ያልሞላው አይገደልም፤ ርዕሰ ብሔሩ ሳያጸድቅ አይፈጸምም። በሕጉ ሌሎች አንቀጾች ደግሞ የተፈረደባት ነፍሰ ጡር ከሆነች ቅጣቱ ይታገዳል፤ ልጅ ወልዳ የምታጠባ ከሆነም ወደ ዕድሜ ልክ ይለወጣል። ግራቨን አልቀበልም ይላል ያሉት ስሜት ከአደባባይ ወደ ወህኒ ግቢ ገባ እንጂ ከሕጉ አልወጣም። እንደሚታወቀው ለመጨረሻ ጊዜ የተፈጸመው ሐምሌ 30 ቀን 1999 ዓ.ም. ነው፤ የደኅንነት ኃላፊ የነበሩትን አቶ ክንፈ ገብረ መድኅንን በመግደል የተፈረደበት መኮንን ላይ። ፍርዱ ግን እስከ ዛሬ ይበየናል።

የአህጉራችንን አገሮች ብናይ ሩዋንዳ ቅጣቱን እ.ኤ.አ. በ2007 ሰርዛዋለች፤ በዘር ጭፍጨፋው ያ ሁሉ ሰው ካለቀባት በኋላ። አንዱ ምክንያት አሩሻ የነበረው ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት ሞት ወዳለበት አገር ተከሳሽ አላስተላልፍም ማለቱ ነው። የዚህ ዓይነቱን ነገር አዲስ አበባ ውስጥ በዓይናችን አይተነዋል። ግንቦት 1983 ዓ.ም. የጣሊያን ኤምባሲ የገቡት የደርግ ባለሥልጣናት ብርሃኑ ባየህና አዲስ ተድላ ከዚያ ግቢ ሳይወጡ ከ29 ዓመት በላይ ኖሩ። ጣሊያን ሞት የሚጠብቀውን ሰው አሳልፌ አልሰጥም አለች። በ2013 ዓ.ም. ቅጣታቸው ወደ ዕድሜ ልክ ተለውጦ፣ በአመክሮ ተፈቱና በሩ ተከፈተ። በፍርዱና በነሱ መካከል የቆመው እንግዲህ የባዕድ አገር ሕግ ነበር።

የዓረብ አገሩ ነገር ደግሞ የእኛው ደም ነው። ኩዌት እ.ኤ.አ. በጥር 2017 ሰባት ሰው ስትሰቅል አንዷ ኢትዮጵያዊት የቤት ሠራተኛ ነበረች፤ በኅዳር 2022 ደግሞ ሰባት ስትሰቅል እንደገና አንዷ ኢትዮጵያዊት ነበረች። እዚያ የሟች ቤተሰብ ምሯል ከተባለ ነፍስ ሊተርፍ ይችላል፤ ስለዚህ ሽማግሌ፣ ሼኽ፣ ቄስ፣ ዲያ የሚያዋጣ ማኅበር ሁሉ ይሯሯጣል። ለልጃችን ስንሆን ምልጃን እናውቅበታለን። በአገራችን ወህኒ ቤት ላለው የሌላ ሰው ልጅ ሲሆን ድምፃችን ይቀንሳል።

ስድሳዎቹ የተረሸኑበት ከርቸሌ ዓለም በቃኝ ይባል ነበር። መናኝ ከዓለም ሲለይ የሚለውን ቃል ለወህኒ ያወጣው ማን እንደሆነ እንጃ። ዛሬ ፈርሶ የአፍሪካ ኅብረት ሕንፃ ቆሞበታል። መስቀል አደባባይ ዳር ያለው የቀይ ሽብር ሰማዕታት ሙዚየም ግን አለ፤ ከአጥንቱ፣ ከልብሱና ከፎቶግራፉ ጋር። ተማሪዎች ይጎበኙታል። ግድግዳው ላይ ያሉት ፊቶች እማማ ቤት ካለው ፎቶግራፍ ጋር አንድ ናቸው፤ ያው አፍሮ፣ ያው ኮሌታ። ከሙዚየሙ የሚወጣ ልጅ «ታዲያ ገዳዮቹስ ምን ይሁኑ?» ብሎ ቢጠይቅ የሚመልስለት መምህር ምን ይዟል?

እማማ ዐርፈዋል። ፎቶግራፉ የልጅ ልጃቸው ቤት አለ።

ሰንበት ትምህርት ቤት ወይም መድረሳ የምታስተምሩ፣ ወይም የሥነ ዜጋ መምህር የሆናችሁ፣ አንድ ነገር ልለምናችሁ። በሚመጣው ስቅለት ሰሞን፣ ወይም ስለ ቂሷስና ስለ ይቅርታ በምታስተምሩበት ሳምንት፣ አንቀጽ 117ን በወረቀት ይዛችሁ ግቡ። አጭር ነው፤ ልጆቹ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ያንብቡትና ይከራከሩ። ከዚያ በፊት ግን በሰፈራችሁ ልጁ ወይም ወንድሙ የተገደለበት ሰው ካለ ቤቱ ሂዱ። ከተማሪዎቹ ፊት ተቀምጦ መናገር ይፈልግ እንደሆነ ጠይቁት። እንቢ ካለም ቡናውን ጠጥታችሁ ተመለሱ።